ውሻው ሲሞት የሚወለደው ማን ነው? የቡዲዝም ዳግም ውልደት እንስሳት በሚታዩባቸው ፊልሞች ውስጥ

በ2005 የወጣው «የቢጫው ውሻ ዋሻ» የተሰኘው ፊልም ሲከፈት አንድ ሞንጎላዊ እረኛ ከትንሽ ልጁ ጋር የሞተ ውሻ ሊቀብር ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይታያል። አባትየው የውሻውን ጅራት ከጭንቅላቱ ሥር ያኖርለታል። ልጅቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስትጠይቀው፣ ውሻው በሚቀጥለው ሕይወቱ ጅራት ያለው ውሻ ሳይሆን ጸጉሩን ወደ ኋላ ያስያዘ ሰው ሆኖ እንዲወለድ ነው ብሎ ይነግራታል። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ቀለል አድርጎ ይናገረውና ያልፋል።

ፊልሙን ያዘጋጀችው ሞንጎላዊቷ ቢያምባሱረን ዳቫ ስትሆን፣ ተዋንያኑ በእውነተኛ ሕይወታቸውም አንድ ቤተሰብ የሆኑ አርብቶ አደሮች ናቸው። ታሪኩ ናንሳል የምትባል ልጅ ዋሻ ውስጥ ስላገኘችው ውሻና አባቷ ውሻውን ስለ መከልከሉ ነው። በመካከሉ ግን ናንሳል ከቤቷ ርቃ አንዲት አሮጊት ድንኳን ውስጥ ታርፍና፣ በሚቀጥለው ሕይወቷ ሰው ሆና ትወለድ እንደሆነ አሮጊቷን ትጠይቃለች። አሮጊቷ በቃል አትመልስም። መርፌ ታቆምና ከላዩ የሩዝ ፍሬ ትበትንበታለች፤ አንዲት ፍሬ መርፌው ጫፍ ላይ ስታርፍ ንገሪኝ ትላታለች። ሩዙ ይፈስሳል፣ ልጅቱ ዐይኗን ሳትነቅል ታያለች፣ አንዲትም ፍሬ አትቆምም። አሮጊቷ ያን ጊዜ ሰው ሆኖ መወለድ ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ትነግራታለች። የቡዲዝምን የዳግም ውልደት አስተሳሰብ በአንድ ትዕይንት አሳዩኝ የሚለኝ ሰው ቢኖር ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ የእንስሳት ፊልሞች የዘነጉትን ነገር፣ ማለትም እንስሳ ሆኖ መወለድ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ምን ያህል ሰፊ፣ ሰው ሆኖ መወለድ ደግሞ ምን ያህል ጠባብ በር እንደሆነ፣ ለልጅ በሚገባ መንገድ ያስቀምጣል።

የሩዙ ምሳሌ ከቀደሙት የቡዲዝም መጻሕፍት ጋር የሚዛመድ ነው። በፓሊ ቋንቋ በተጻፉት ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ቡድሃ ስለ አንዲት ዕውር ዔሊ ይናገራል። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያላት ቀንበር በሰፊው ባሕር ላይ ትንሳፈፋለች፤ የምሥራቅ ነፋስ ወደ ምዕራብ፣ የሰሜኑ ወደ ደቡብ ይገፋታል። ዔሊዋ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከባሕሩ ወለል ብቅ ትላለች። ብቅ ስትል አንገቷ ያቺን ቀዳዳ የሚያገኝበት ዕድል፣ ወደ ዝቅተኛው ሕይወት የወረደ ፍጡር ተመልሶ ሰው ሆኖ ከሚወለድበት ዕድል ይልቅ ይቀርባል ይላል። ምክንያቱንም እዚያው ይሰጣል፦ በዚያ ዝቅ ባለ ሕይወት በጎ ሥራ የሚሠራበት ዕድል የለም፤ ያለው እርስ በርስ መበላላትና ደካማውን መግደል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዓለማቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በብዙ የቡዲዝም ትውፊቶች ፍጡራን የሚወለዱባቸው ስፍራዎች ስድስት ናቸው፤ የአማልክት፣ የተዋጊዎቹ የአሱራዎች፣ የሰዎች፣ የእንስሳት፣ የተራቡ መናፍስትና የሲኦል። ከእነዚህ አንዳቸውም ዘላለማዊ አይደሉም፤ አምላክም ዘመኑ ሲያልቅ ይወድቃል፤ በሲኦል ያለውም ዘመኑ ሲያልቅ ይወጣል። ይህ ማለቂያ የሌለው ዙረት ሳምሳራ ይባላል፤ የቡዲዝም ግብም በዙረቱ ውስጥ የተሻለ ቦታ መያዝ ሳይሆን በመጨረሻ ከዙረቱ መውጣት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ስለ ውሻ ፊልሞች ስናወራ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው ዳግም ውልደት ሲባል የሚረዳው አንዲት ነፍስ ከሬሳ ወጥታ ሌላ አካል ውስጥ መግባቷን ነው፤ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ማለት ነው። ይህ ሥዕል በሂንዱ ሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥ አለ። ቡድሃ ያስተማረው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በእርሱ ትምህርት ከአካል አካል የሚሸጋገር፣ የማይለወጥ «እኔ» የሚባል ነገር የለም። እኛ አንድ ሰው ብለን የምንጠራው ነገር የአካል፣ የስሜት፣ የግንዛቤ፣ የፈቃድና የንቃት ስብስብ ነው፤ ስብስቡም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ታዲያ ነፍስ ከሌለ ዳግም የሚወለደው ማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን ይገዛ የነበረ፣ ግሪኮች ሜናንደር፣ ሕንዶች ሚሊንዳ የሚሉት ንጉሥ ናጋሴና ከተባለ መነኩሴ ጋር እንዳደረገው የሚነገር ረጅም ክርክር በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሡ ዳግም የሚወለደው ያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ሲጠይቅ፣ ናጋሴና ያውም አይደለም፣ ሌላም አይደለም ብሎ ይመልሳል። ከዚያም የመብራት ምሳሌ ያቀርባል። አንድ ሰው ማታ መብራት ቢያበራና ሌሊቱን ሙሉ ቢነድ፣ በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል የነበረው ነበልባል በመጨረሻው ክፍል ካለው ነበልባል ጋር አንድ ነውን? አይደለም፤ ዘይቱም ክሩም ሲያልቅ ቆይቷል። ታዲያ ሌላ መብራት ነውን? ያም አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ የበራው በዚያው መብራት ነውና። እንደገናም ከአንዱ መብራት ሌላ መብራት ቢለኮስ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው የሄደ ነገር የለም፤ ሆኖም ሁለተኛው የበራው በመጀመሪያው ምክንያት ነው። ስለዚህ በቡዲዝም ከሞት ወዲያ የሚሻገረው ማንነት ሳይሆን ምክንያት ነው።

ፊልም ራሱ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። በተለመደው አሠራር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች በፊታችን ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሥዕል ብቻውን የቆመ ነው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚዘል ፈረስ የለም። ሆኖም እያንዳንዱ ካለፈው ተከትሎ ስለሚመጣ ፈረሱ ሲጋልብ እናያለን።

ይህን ከያዝን በኋላ በስፋት የታየውን የ2017 ፊልም፣ «ኤ ዶግስ ፐርፐዝ»ን እንመልከት። ላሴ ሃልስትሮም ያዘጋጀው ይህ ፊልም ደብሊው ብሩስ ካሜሮን በ2010 ባሳተመው ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ውሻው ቤይሊ ተብሎ ኢተን ከሚባል ልጅ ጋር ያድጋል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ቀጥሎ ኤሊ የምትባል የፖሊስ ውሻ ሆኖ ይወለድና በሥራ ላይ በጥይት ይመታል፤ ከዚያ ቲኖ የሚባል አጭር እግር ያለው ኮርጊ ይሆናል፤ በመጨረሻም ቡዲ ሆኖ አርጅቶ ብቻውን የሚኖረውን ኢተንን ያገኘዋል። ኢተን የሚያውቀው በልጅነታቸው በተጫወቱት የኳስ ጨዋታ ነው፤ ሰውየው ጎንበስ ይላል፣ ውሻው ጀርባው ላይ ተወርውሮ ኳሷን በአየር ይቀልባል፣ ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ይለወጣል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ እኔንም ነክቶኛል፤ ውሻ አሳድጎ የቀበረ ሰው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል።

ነገር ግን በዚህ ፊልም ውስጥ ዳግም የሚወለደው ምን እንደሆነ ልብ እንበል። ዝርያው ይለወጣል፣ ጾታው ይለወጣል፣ ቀለሙና መጠኑ ይለወጣል፤ የማይለወጠው ድምፁ ነው። በእነዚያ ሁሉ ውሾች ውስጥ የምንሰማው የተዋናዩ የጆሽ ጋድን ድምፅ ነው፤ ያው ቀልዱ፣ ያው ትዝታው፣ ያው የማወቅ ጉጉቱ። ማለትም ፊልሙ ቡድሃ የለም ያለውን የማይለወጥ «እኔ» በድምፅ አማካይነት መልሶ አቁሞታል። ይህ የሆነው በስንፍና ነው አልልም። ተመልካች ሁለት ሰዓት ያህል የሚከተለው አንድ ባለታሪክ ይፈልጋል፤ ባለታሪኩ በየ30 ደቂቃው ሲሞት ደግሞ የሚያያይዘው ነገር የግድ ያስፈልጋል። ፊልሙም ራሱን የቡዲዝም ፊልም ብሎ አልጠራም። እንዲያውም ብዙ ተመልካች ከዚህ ወጥቶ ቡዲዝም እንዲህ ነው የሚያስተምረው ብሎ ስለሚያስብ ነው ልዩነቱን ማሳየት የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ልዩነት ትዝታ ነው። በቡዲዝም መጻሕፍት ያለፈ ሕይወትን ማስታወስ ለማንም የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ቡድሃ ራሱ ያለፉ ሕይወቶቹን ያስታወሰው ብርሃን ባገኘበት ሌሊት፣ በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል እንደነበረ ይነገራል። ጃታካ በሚባሉት 547 የፓሊ ትረካዎች ቡድሃ ባለፉት ሕይወቶቹ አጋዘን፣ ዝንጀሮ፣ ዝሆን፣ ጥንቸልና ድርጭት ሆኖ እናገኘዋለን፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የአጋዘኖች ንጉሥ የነበርኩት እኔ ነበርኩ የሚለው ቃል የሚመጣው በታሪኩ መጨረሻ፣ ከቡድሃው አፍ ነው። አጋዘኑ ሆኖ ሳለ የሚያስጨንቀው አራጁ ሰው ፊት የቆመችው እርጉዝ አጋዘን ናት፤ በእርሷ ፈንታ አንገቱን ይሰጣል። በውሻው ፊልም መታወስ የሚያገለግለው የተለያዩትን ለማገናኘት ነው፤ በጃታካ ግን መታወስ የሚያገለግለው ሥራው እንዴት ፍሬ እንዳፈራ ለማሳየት ነው።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ልዩነት የዓላማ ነው። ውሻው ደጋግሞ የሚወለደው ወደ ሚወደው ሰው ለመመለስ ነው፤ ሲመለስም ደስታው ይፈጸማል፣ ፊልሙም ያልቃል። በቡዲዝም አስተሳሰብ ግን ፍጡርን ወደ ውልደት መልሶ የሚጎትተው ያው መጣበቅ ራሱ ነው። ጥማት ይሉታል። ስለዚህ አንዱ ዘንድ የታሪኩ መፍትሔ የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ የችግሩ ሥር ነው። ከዚህ አንጻር በ1995 ካርሎ ካርሌይ ያዘጋጀው፣ በጄምስ ኸርበርት የ1977 ልቦለድ ላይ የተመሠረተው «ፍሉክ» ብዙም ባይወራለትም ወደ ሐሳቡ ይቀርባል። በመኪና አደጋ የሞተ አባት ቡችላ ሆኖ ይወለድና ሚስቱንና ልጁን ፈልጎ ያገኛል። ሆኖም ትዝታው እየተሟላ ሲመጣ፣ በሕይወት ሳለ ሥራውን ከቤተሰቡ ያስበለጠ ሰው እንደነበረና ገዳዬ ነው ብሎ የጠረጠረውም ሰው ጥፋተኛ እንዳልነበረ ይረዳል። በመጨረሻም ትቷቸው ይሄዳል። እዚህም ትዝታና ማንነት ይሻገራሉ፤ ግን ታሪኩ የሚፈታው በመያዝ ሳይሆን በመልቀቅ ነው።

ስለ ካርማም፣ ማለትም ሥራ ፍሬውን ያመጣል ስለሚለው ሐሳብ፣ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። ፊልሞች ካርማን ብዙ ጊዜ እንደ ዳኛ ያቀርቡታል፤ ክፉ ሰው ተፈርዶበት እንስሳ ይሆናል። ቡድሃ ግን ካርማ የምለው ፈቃድን ነው ብሏል፤ አስቦ መሥራትን ማለቱ ነው። የሚፈርድ የለም፤ አእምሮ የለመደውን መንገድ ይዞ ይቀጥላል። ይህን ከሚያሳዩ የጥንት ትረካዎች ውስጥ ለፊልም ቢሠራ ብዬ የምመኘው ሴኒያ ስለሚባል ባሕታዊ የሚናገረውን ነው። ሰውየው በውሻ ሥርዓት ለመኖር የተሳለ ነበር፤ ራቁቱን ይሄዳል፣ መሬት ላይ የተጣለለትን ይበላል፣ እንደ ውሻ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ወደ ቡድሃ መጥቶ የዚህ ሰው መጨረሻ ምን ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ ቡድሃ ተዉኝ፣ አትጠይቁኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ይከለክላል፤ በሦስተኛው ይመልሳል። የውሻን ጠባይና የውሻን አእምሮ ያለ ማቋረጥ የሚለማመድ ሰው ከሞት በኋላ ከውሾች ጋር ይወለዳል። በዚህ ሥርዓት አምላክ እሆናለሁ ብሎ የሚያምን ከሆነ ደግሞ ይህ የተሳሳተ እምነቱ ራሱ ይጎዳዋል። ሴኒያ አለቀሰ። ያለቀሰውም ቡድሃ ስለ ተናገረው ሳይሆን ያን ሥርዓት ለረጅም ጊዜ ስለ ለመደው እንደሆነ ተናገረ፤ በኋላም መነኮሰ፣ ከዙረቱም ወጣ። ውሻ መሆን እዚህ ቅጣት አይደለም፤ ሰውየው በየቀኑ ሲሠራው የኖረው ነገር ቀጣይ ነው።

የፈቃድ ጉዳይ በግልጽ የተነሣበት ፊልም «ያለፉ ሕይወቶቹን የሚያስታውሰው አጎቴ ቡንሚ» ነው። ታይላንዳዊው አፒቻትፖንግ ዊራሴታኩል ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2010 በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባውን ሽልማት አግኝቷል። ቡንሚ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የሚኖር፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ገበሬ ነው። በሽታዬ ካርማዬ ነው፤ ብዙ ኮሚዩኒስቶች ገድያለሁ፤ ይላል። የሚስቱ እኅት በቅን ሐሳብ እንደ ገደላቸው ነግራ ልታጽናናው ስትሞክር፣ እርሱ ደግሞ በእርሻው ላይ የገደላቸውን ብዙ ተባዮች ይጨምርላታል። ይህን ንግግር ስሰማ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ሰውና ተባይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቆጥረዋልና።

የፊልሙ ትልቁ ነገር ግን ያለፉትን ሕይወቶች የሚያቀርብበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ገና ባልጠራ ብርሃን፣ ዛፍ ላይ የታሰረ ጎሽ እናያለን። ገመዱን ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ይበጥሰዋል፤ ወደ ጫካ ይገባል፤ አንድ ሰው መጥቶ ይጠራውና ይዞት ይመለሳል። በሌላ ቦታ በፏፏቴ አጠገብ አንዲት ልዕልት ከሚናገር አምባዛ ዓሣ ጋር ትገናኛለች። ከእነዚህ ቡንሚ የትኛው እንደነበረ ፊልሙ አይነግረንም፤ ጎሹ ይሁን፣ ጠባቂው ይሁን፣ ልዕልቷ ትሁን፣ ዓሣው ይሁን። የሚያያይዝ ድምፅ የለም፤ ያለው አንዱ ሥዕል አብቅቶ ሌላው መጀመሩ ብቻ ነው። ቡንሚ ሊሞት ወደ ዋሻ ሲገባም በአንድ ወቅት እዚያ መወለዱን ይናገራል፤ ሰው ይሁን እንስሳ፣ ወንድ ይሁን ሴት ግን አያውቅም። የናጋሴና መልስ፣ ያውም አይደለም ሌላም አይደለም የሚለው፣ በፊልም ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ያለ ይመስለኛል።

ከዚህም ርቆ የሄደ አለ። ስፔናዊው ሎይስ ፓቲኞ በ2023 ያወጣው «ሳምሳራ» በላኦስ ይጀምራል። አንዲት አሮጊት ለሞት ተቃርባለች፤ አንድ ወጣት እየሄደ ባርዶ ቶዶል የተባለውን፣ ለሟች የሚነበበውን የቲቤት መጽሐፍ ያነብላታል። (በላኦስ የሚገኘው ቴራቫዳ የሚባለው የቡዲዝም ቅርንጫፍ ሲሆን በዚያ ትምህርት አዲሱ ውልደት ወዲያው ይከተላል፤ በቲቤት ትውፊት ግን በሞትና በውልደት መካከል እስከ 49 ቀን የሚደርስ ጊዜ አለ። ፊልሙ ሁለቱን እንዳስፈለገው አቀራርቧቸዋል።) አሮጊቷ ስትሞት በስክሪኑ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ተመልካቹ ዐይኑን እንዲጨፍን ይጠይቃል። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ያህል የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ በተጨፈነው ሽፋሽፍት ላይም የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን እየመጣ ይሄዳል። ዐይን ሲገለጥ ዛንዚባር ነን፤ አንዲት የፍየል ግልገል ተወልዳለች። ግልገሏ አትናገርም፣ ላኦስን አታስታውስም፣ አሮጊቷ እርሷ እንደሆነች የሚጠቁም አንድም ምልክት አታሳይም። ሁለቱን ያያያዘው እኛ በጨለማው ውስጥ ያሳለፍነው ጊዜ ነው።

ከእነዚህ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀሰው ኢጣሊያዊው የሚኬላንጄሎ ፍራማርቲኖ ፊልም፣ የ2010ሩ «ሌ ኳትሮ ቮልቴ»፣ ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። በካላብሪያ የሚኖር ሽማግሌ የፍየል እረኛ ይሞታል፣ ግልገል ይወለዳል፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ በመጨረሻም ከሰል ይመጣል። ሐሳቡ በዚያው አካባቢ ያስተማረው የፓይታጎራስ ነው፤ በቡዲዝም ስድስት ዓለማት ውስጥ ዛፍና ከሰል የመወለጃ ስፍራዎች አይደሉም።

ይህ ሁሉ ለእንስሳቱ ምን ያመጣላቸዋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ በአንድ የጥንት ንግግር ውስጥ አለ። ቡድሃ ዙረቱ መነሻው የማይታወቅ ያህል ረጅም ስለሆነ፣ በአንድ ወቅት እናትህ ያልነበረ ፍጡር ማግኘት ቀላል አይደለም ይላል። ዣን ዣክ አኖ በ1997 ባዘጋጀው «ሰቨን ይርስ ኢን ቲቤት» ውስጥ ይህ ሐሳብ ሥራ ያስቆማል። የቲቤት ቡዲዝም መሪ የሆነው ወጣቱ ዳላይ ላማ ሲኒማ ቤት እንዲሠራለት ኦስትሪያዊውን ተራራ ወጪ ሃይንሪሽ ሃረርን ይጠይቀዋል፤ መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ ውስጥ ትሎች ይገኛሉ፤ ቆፋሪዎቹም አካፋቸውን ይጥላሉ። ሃረር ግራ ይገባዋል። ይህች ትል ባለፈ ሕይወት እናታቸው ልትሆን እንደምትችል የሚያስረዳው ወጣቱ ዳላይ ላማ ነው። ከዚያ በኋላ መነኮሳቱ አፈሩን በእጃቸው እየፈተሹ ትሎቹን ይለቅማሉ፣ ተሸክመውም ወደ ሌላ አፈር ይወስዷቸዋል፤ የሲኒማ ቤቱ ቁፋሮ የሚቀጥለውም በእነርሱ ለቀማ ፍጥነት ነው።